ኮድ በአማርኛ ወይስ በእንግሊዝኛ?

የፕሮግራም መጻፊያ ቋንቋው ፓይተን 3 እ.ኤ.አ. በ2008 ሲወጣ በኮድ ውስጥ ላሉ የመረጃ መያዣዎች በግዕዝ ፊደል ስም መስጠትን ፈቀደ። «ዋጋ = 50» ብላችሁ ጻፉ፤ ይሠራል። ለጀማሪ ተማሪ ትልቅ እፎይታ ነው፤ ስፔሊንግ ሲያሳድድ አይውልም።

ጣጣው ቀጥሎ ይመጣል። እንደ «ኢፍ» (if) እና «ፕሪንት» (print) ያሉት የፓይተን የራሱ ቃላት እንግሊዝኛ እንደሆኑ ስለሚቀሩ በየመስመሩ ኪቦርድ መቀያየር ነው። ሞክሼ ፊደላትም አሉ። አንዱ «ዓመት»፣ ሌላው «አመት» ብሎ ቢጽፍ ለእኛ ያው ነው፤ ለፓይተን ግን ሁለት የተለያዩ ስሞች ናቸው። «አላውቀውም» ብሎ ቀጥ ይላል። (በዚህ የማይጣላ ቡድን ካለ አሳዩኝ!)

እንግሊዝኛው ይህ ጣጣ የለበትም፤ ከውጭ ባለሙያ ጋርም ያሠራል። እኔን ከጠየቃችሁኝ ክፍል ውስጥ በአማርኛ ይማሩ። ለሥራ ስሙ በእንግሊዝኛ ይሁን፣ በኮዱ መሃል የሚገባው ማብራሪያ ግን በአማርኛ ይጻፍ።