ሠላሳ ጥያቄዎችና አንድ ሥዕል፦ ስለ «ስታርድ» የማረጋገጫ ዝርዝር

የላቦራቶሪ ባለሙያ ነኝ። ስለ ምርመራ ዘዴዎች የተጻፉ ጥናቶች ከመታተማቸው በፊት እንድገመግማቸው ይላኩልኛል። ያን ጊዜ ሁሉ ከጎኔ የማይጠፋው ስታርድ ነው፤ የምርመራ ትክክለኛነት ጥናት ሲጻፍ ምን ምን መገለጽ እንዳለበት የሚጠይቅ ዝርዝር። እንደ ጎርጎርዮሳውያን አቆጣጠር በ2003 ሲወጣ 25 ጥያቄዎች ነበሩት፤ በ2015 ተሻሽሎ 30 ሆነ። በነጻ ይገኛል።

ከሁሉ የምወደው 19ኛውን ነው፤ የተሳታፊዎችን ጉዞ በሥዕል አሳዩ ይላል። ስንት ሰው ተመረጠ? አዲሱን ምርመራ ስንቱ አደረገ? ማመሳከሪያውንስ፣ ማለትም አዲሱ የሚመዘንበትን ምርመራ? የቀሩት ምን ሆኑ? አንድ ጊዜ አዲሱ ምርመራ አንድም በሽተኛ እንዳላመለጠው የሚናገር ጽሑፍ ደረሰኝ። ሥዕል አልነበረውም። እንዲጨመር ጠየቅሁ። ሲመጣ ውጤታቸው ግልጽ ያልሆነ ሰዎች ከስሌቱ መውጣታቸው ታየ። ነገሩን በቀላል ቁጥር ላስረዳ፦ ከ100 በሽተኞች ምርመራው 90ውን ቢይዝ፣ የ10ሩ ውጤት ግን ባይለይ፣ አሥሩን የጣለ ሰው «100 በመቶ» ብሎ ይጽፋል። ላልተለየው ውጤት 15ኛው ጥያቄ ራሱን የቻለ ቦታ ሰጥቶታል፤ ደራሲዎቹ ግን ዘለውት ነበር።

24ኛውም ጥሩ ጠባቂ ነው፤ ቁጥሩ ብቻ ሳይሆን የመተማመን ወሰኑም (እውነተኛው ቁጥር ሊገኝበት የሚችለው ክልል) እንዲጻፍ ያስገድዳል። ከ10 በሽተኞች 10ሩንም የያዘ ምርመራ «100 በመቶ» ቢባልም፣ የ95 በመቶ ወሰኑ እስከ 69 ድረስ ይወርዳል። 9ኛው ደግሞ ተሳታፊዎቹ እንዴት እንደተመረጡ ይጠይቃል። በአንድ በኩል በሽታው የጠናባቸውን፣ በሌላ በኩል ፍጹም ጤነኞችን ካሰለፉ የትኛውም ምርመራ ጀግና ይመስላል።

ቅሬታዬ ወዲህ ነው። ብዙ መጽሔቶች ዝርዝሩን ከየገጹ ቁጥር ጋር ተሞልቶ እንዲላክ ይጠይቃሉ። ደራሲው «ገጽ 6» ብሎ ይሞላል፤ ገጽ 6 ላይ ስለ ጉዳዩ አንዲት ቃል የለም። (ይህን ስንት ጊዜ እንዳየሁ ብቆጥር ኖሮ እኔም አንድ ጥናት ይወጣኝ ነበር።) ጥያቄዎቹም ለጀማሪ ድርቅ ያሉ ናቸው፤ በ2016 የወጣውን ማብራሪያ ሳያነብ የሚሞላቸው ሰው ግማሹን ይገምታል። በዚያ ላይ ስታርድ የሚጠይቀው ሥራው በግልጽ መነገሩን ነው እንጂ መልካምነቱን አይመዝንም። ደካማ ጥናትም ሠላሳውንም በሐቀኝነት ሊመልስ ይችላል። ለምዘናው ኳዳስ-2 የሚባል ሌላ መሣሪያ አለ።

ያም ሆኖ ያለ እሱ መገምገም አልፈልግም። ያ ጽሑፍ ሥዕሉን ይዞ ሲመለስ፣ ደራሲዎቹ ማንም ሳይነግራቸው «አስተማማኝ» የምትለዋን ቃል ከርዕሱ አውጥተዋት ነበር።