ማልዲቭስ ወይስ ዛንዚባር? ለጫጉላ ዶላር ከመግዛታችሁ በፊት

የሰርግ ወቅት በደረሰ ቁጥር ስልኬ አያርፍም። «እናንተ ማልዲቭስ ሄዳችሁ አልነበር? ስንት ፈጀባችሁ? ወይስ ዛንዚባር ይሻለናል?» ለእያንዳንዱ በድምፅ መልእክት ከምመልስ አንዴ ቁጭ ብዬ ልጻፈው።

መልሴን አስቀድሜ ልንገራችሁ። ከአዲስ አበባ ለሚነሱ፣ ደሞዛቸው በብር ለሆነ ሙሽሮች ዛንዚባር ይሻላል። ሁለቱንም በራሳችን ገንዘብ አይተናቸዋል። ማልዲቭስን በጥር 2017 ለጫጉላችን፣ ዛንዚባርን ደግሞ ልክ በዓመቱ።

ማልዲቭስን የገዛነው ቴሌግራም ላይ ከሚያስተዋውቅ የጉዞ ወኪል ነው። «5 ሌሊት፣ ለሁለት ሰው፣ ውሃ ላይ ያለ ቪላ፣ ከቁርስ ጋር 2,400 ዶላር።» የአዲስ አበባው ቲኬት ለብቻው ነው። ፎቶው ልብ ይሰርቃል። እኛ ያልጠየቅነው፣ ወኪሉም ያልነገረን አንድ ነገር ነበር፦ ከዋና ከተማዋ ከማሌ አየር ማረፊያ እስከ ሪዞርቱ በምን ነው የሚኬደው?

ማልዲቭስ ላይ አንድ ሪዞርት ማለት ብዙውን ጊዜ አንድ ደሴት ነው። ታክሲ ይዞ መሄድ የለም። አብዛኛውን ጊዜ ወይ ፈጣን ጀልባ ነው፣ ወይ ውሃ ላይ የምታርፍ ትንሽ አውሮፕላን። ለኛ የደረሰችን አውሮፕላኗ ናት። ደርሶ መልስ በሰው 480፣ ለሁለታችን 960 ዶላር። በዚያ ላይ እነዚህ አውሮፕላኖች የሚበሩት በቀን ብርሃን ብቻ ነው። እኛ በዱባይ በኩል ማሌ የገባነው አመሻሽ ላይ ነበር። አየር ማረፊያው አጠገብ ሁሉማሌ የምትባል ደሴት ላይ 110 ዶላር ከፍለን አደርን። ሪዞርቱ ያላደርንበትን ሌሊት ገንዘብ አልመለሰልንም። የአምስት ከፍለን አራት አደርን ማለት ነው።

ከዚያ ምግቡ መጣ። ደሴቱ ላይ ከሪዞርቱ ምግብ ቤት ሌላ አማራጭ የለም። ሜኑው ላይ የምታዩት ዋጋ ደግሞ የምትከፍሉት ዋጋ አይደለም። መጀመሪያ 10 በመቶ የአገልግሎት ይደመራል። በድምሩ ላይ ደግሞ የቱሪዝም ታክስ አለ፤ እሱም አሁን 17 በመቶ ገብቷል። የ100 ዶላር እራት 128 ዶላር ከ70 ሳንቲም ይሆናል። አረንጓዴ ታክስ የሚሉትም አለ። ሪዞርት ላይ በሰው፣ በሌሊት 12 ዶላር ነው። ለአራት ሌሊት 96 ዶላር ከፈልን።

ሦስተኛው ቀን ላይ ምሳ መዝለል ጀመርን። አማቴ ሻንጣችን ውስጥ ቆሎ ከትተውልን ነበር። በረንዳው ላይ ተቀምጠን እሱን እየቆረጠምን፣ ባለቤቴ ደረሰኞቹን ጉልበቱ ላይ ደርድሮ ይደምር ነበር። ከእግራችን ስር ውሃው እስከ አሸዋው ድረስ ይታያል። ክንፋቸው ጫፉ ላይ የጠቆረ ትንንሽ ሻርኮች ይመላለሳሉ። እንዲህ ያለ ውበት ፊት ተቀምጦ የምሳ ሂሳብ ማስላት ያሳዝናል። ማንም ሙሽራ እንዲህ እንዲሆን አልፈልግም። ምግቡ ብቻ 800 ዶላር ገደማ ፈጀ። ከቲኬቱ ውጪ በጠቅላላው 4,366 ዶላር አወጣን። 2,400 ነው ተብለን ነው የሄድነው።

ቪላውም ቢሆን ፎቶው ላይ ያየነው አልነበረም። ፎቶው ላይ አልጋው አጠገብ ዓሣ የሚያሳይ የመስታወት ወለል ነበር። የኛ ተራ ጣውላ ነው። አገር ቤት ገብተን ያንን ፎቶ ጎግል ላይ ስንፈልገው የሌላ ሪዞርት ሆኖ ተገኘ። ስለዚህ ወኪሉ ቪላውን ሲያሳያችሁ የሪዞርቱን ስምና የክፍሉን ዓይነት በጽሑፍ ተቀበሉ። ራሳችሁ ለሪዞርቱ ኢሜይል ጻፉና የመጓጓዣውን ደርሶ መልስ ዋጋ ከነታክሱ ጠይቁ። ወኪሉ ስሙን ካልነገራችሁ ቀብድ አትስጡ።

ወደ ዛንዚባር ልምጣ። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ከቦሌ በቀጥታ ይበራል። ሦስት ሰዓት እንኳ አይሞላም። ከአየር ማረፊያው ታክሲ ይዛችሁ ሰሜን ጫፍ ድረስ ትሄዳላችሁ። እኛ አንዱን መንገድ በ45 ዶላር ሄድን፣ ለደርሶ መልስ 90። ኬንድዋ ላይ ባሕሩ ዳር ያለ ሆቴል ከነቁርሱ በሌሊት 110፣ ለስድስት ሌሊት 660 ዶላር። ቪዛ ለሁለት 100። ከጥቅምት 2024 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለውጭ አገር ጎብኚ ግዴታ የሆነ የጉዞ ኢንሹራንስ አለ፤ በሰው 44፣ ለሁለት 88 ዶላር። ይህን ከመነሳታችሁ በፊት ኢንተርኔት ላይ ጨርሱት። ለምግብ፣ ለጀልባና ለጉብኝት 430 አወጣን። ድምሩ 1,368 ዶላር። የማልዲቭሱ ሲሶ አይሞላም፤ የቆየነው ደግሞ ሪዞርቱ ላይ ካደርነው በሁለት ሌሊት የበለጠ ነው። ከሐምሌ 2016 በፊት ዶላሩ በባንክ 57 ብር ገደማ ነበር። ዛሬ ከ100 ብር አልፎ ሲሄድ በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት የአንድ ቤት ዕቃ ማሟያ ነው።

ከገንዘቡ በላይ ግን ልቤ ውስጥ የቀረው ምሳው ነው። ረቡዕ ነበር፣ ባለቤቴ ይጾማል። ኑንግዊ መንደር ውስጥ አንዲት እናት በራቸው ላይ ያበስላሉ። ሥጋም ወተትም አይበላም ብለን በምልክት ጭምር አስረዳን። ቦሎቄ በኮኮናት ወተት የተሠራ ወጥ ከትኩስ ቻፓቲ ጋር አቀረቡልን። ለሁለታችን 12 ሺህ ሽልንግ፣ ወደ 5 ዶላር ገደማ። ባለቤቴ ሳህኑን በቻፓቲው ጠረገው። የጾም ምግብ ፍለጋ ያልተንከራተትንበት ብቸኛው የውጭ አገር ጉዟችን ነው። አሮጌው ከተማ ስቶን ታውን ውስጥ ደግሞ በየጥጉ ጥቁር ቡና በትንንሽ ስኒ ይሸጣል። አግዳሚው ላይ ተቀምጣችሁ ከአገሬው ሰው ጋር ትጠጣላችሁ።

ዛንዚባር ላይም መታለል አለ፣ አልደብቅም። ትልቁ ስህተት የባሕር ዳርቻው ምርጫ ነው። ምሥራቁ፣ ፓጄና ጃምቢያኒ፣ ርካሽና ውብ ነው። ግን በቀን ሁለት ጊዜ ባሕሩ ይሸሻል። ጠዋት በረንዳ ላይ ስትወጡ ውሃው በሩቁ እንደ ክር ይታያል። መካከሉ ላይ ሴቶች የባሕር አረም ሲሰበስቡ ታያላችሁ። የሆቴሉ ፎቶ የሚነሳው ውሃው ሲሞላ ነው። ቀኑን ሙሉ መዋኘት የሚፈልግ ሰሜን ጫፍ፣ ኑንግዊ ወይም ኬንድዋ ይሂድ። ሌላው ገበያው ነው። በትንሽ ፓኬት «ሳፍሮን» የሚባለው ውድ ቅመም ነው ብለው ይሸጡላችኋል። ሳፍሮን እዚያ አይበቅልም። ቅርንፉድ ግዙ፣ ቀረፋ ግዙ፣ እሱ የአገሩ ነው። ባሕር ዳር እየዞረ ታንዛናይት የሚባለው የከበረ ድንጋይ ነው የሚላችሁን ደግሞ እንዳትነኩት።

ወሩም ወሳኝ ነው። በጥር ለሚያገቡ ሁለቱም ቦታ ፀሐይ ነው። ከፋሲካ በኋላ ለሚያገቡ ግን ዛንዚባር ማሲካ የሚሉት ከባድ ዝናባቸው ላይ ነው፤ ከመጋቢት እስከ ግንቦት ይዘልቃል። አንዳንድ ሆቴል ጭራሽ ይዘጋል። በዚያ ሰሞን በግማሽ ዋጋ የሚሸጥላችሁ ካለ ምክንያቱ ይኸው ነው። ሰኔ እስኪገባ ታገሱ። በሚቀጥሉት ሁለት ዓመታት ደግሞ ረመዳን በጥርና በየካቲት አካባቢ ይውላል። ሪዞርቶቹ እንደወትሮው ይሠራሉ፤ መንደር ውስጥ ግን ቀን ምግብ ማግኘት ይከብዳል፣ በአደባባይ መብላትም ነውር ነው።

ማልዲቭስ የሚበልጥበት የለም ወይ? አለ። ውሃው እንዲህ ጠርቶ ሌላ ቦታ አላየሁም። ቪዛው ሲደርሱ በነጻ ይሰጣል። ለዛንዚባር ግን ቪዛው እጃችሁ ሳይገባ ቲኬት አትቁረጡ። ዱባይ የምትኖሩ ከሆነም ማሌ በቀጥታ አራት ሰዓት ነው፤ የኔ ሂሳብ እናንተን አይመለከትም። የግድ ማልዲቭስ ካላችሁ ማፉሺን የመሰለ ሰው የሚኖርበት ደሴት ላይ እንግዳ ማረፊያ ያዙ። ጀልባው ርካሽ ነው፣ እራቱም እንደዚያው። መጠጥ ግን አይሸጥም፣ የዋና ልብስም የሚለበሰው በተፈቀደው ዳርቻ ብቻ ነው። ለሁለቱም አገር የቢጫ ወባ ክትባት ካርድ ያዙ።

የባለቤቴ እህት ከፋሲካ በኋላ ታገባለች። እሷም በዚያው ቴሌግራም የ«2,600 ሙሉ ጥቅል» ማልዲቭስ ልካልኝ ነበር። መጓጓዣውን ጠይቂ አልኳት። ጠየቀች። በሰው 520 ተባለች። ጉዞውን ወደ ሰኔ አሻግራ፣ ኬንድዋ ላይ ሰባት ሌሊት በ770 ዶላር ያዘች። የቪዛ ማመልከቻዋን ትናንት አብረን ሞላን።