ጥብሱ በምን ይሁን፦ በእንጨት ከሰል ወይስ በብሪኬት?

ለጥብስ ከሆነ የእንጨት ከሰል ግዙ። ቶሎ ለማይበስል ድስት ወይም ለሙሉ የበግ እግር ከሆነ ብሪኬት ግዙ። የቸኮለ ሰው እዚህ ላይ ጨርሶ ገበያ ሊወጣ ይችላል። ከዚህ በታች ያለው ምክንያቱና ሻጭ እንዳይሸውዳችሁ ማወቅ ያለባችሁ ነገር ነው።

የእንጨት ከሰል እንጨት አፈር ለብሶ፣ አየር ተነፍጎት የከሰለ ነው። ሌላ የገባበት ነገር የለም። ብሪኬት ደግሞ የከሰል ድቃቂ ወይም የከሰለ የቡና ገለፈት በማጣበቂያ ተለውሶ፣ ተጨምቆ የደረቀ ነው። ማጣበቂያው ስታርች፣ ሞላሰስ ወይም ሸክላ አፈር ሊሆን ይችላል። አዲስ ነገር አይምሰላችሁ፤ ሄንሪ ፎርድ እንደ ፈረንጆቹ በ1920ዎቹ ከመኪና ሥራው የተረፈውን የእንጨት ቁርጥራጭ ብሪኬት እያደረገ ይሸጥ ነበር።

እሳቱ ላይ ልዩነታቸው ወዲያው ይታያል። የእንጨት ከሰል በ10 ወይም በ15 ደቂቃ ፍም ይሆናል። ሙቀቱ ኃይለኛ ነው። ስታራግቡት ይጋላል፣ አየር ስትቀንሱበት ይበርዳል፣ በአጭሩ ይታዘዛል። ለጎድን፣ ለጉበት፣ ለተከተፈ ሥጋ የሚፈለገው ይኸው ነው፤ ላዩ ቶሎ ቀልቶ ውስጡ ሳይደርቅ መነሳት አለበት። ግን አይቆይም። እንግዳ በርክቶ ሥጋው ሁለተኛና ሦስተኛ ዙር ከተጣደ መጨመር ግድ ነው። ፍንጣሪውም አለ፤ በተለይ ባሕር ዛፍ ሲሆን ነጠላችሁን ጠብቁ።

ብሪኬት ሰነፍ ነው። እስኪያያዝ 20 ወይም 30 ደቂቃ ይፈጃል፤ ዙሪያውን ግራጫ አመድ ሳይለብስ ሥጋ አይጣልበትም። አንዴ ከያዘ ግን ሙቀቱ ሳይዋዥቅ ረጅም ሰዓት ይቆያል፤ ዶሮ ወይም የበግ እግር ቀስ ብሎ እስከ አጥንቱ እንዲበስል ከፈለጋችሁ ከእሱ የተሻለ የለም። አመዱ ብዙ ነው። ብሪኬት ላይ ማራገቢያ ይዞ የሚያራግብ ሰው ጥብሱን በአመድ ነው የሚያጣፍጠው። በሌላ በኩል ያው አመድ ጥቅም አለው፤ እናቶቻችን ማታ ፍሙን አዳፍነው ጠዋት እሳት እንደሚያገኙት፣ ብሪኬት ራሱን በራሱ ያዳፍናል።

አሁን ወደ መግዛቱ። ደሴም ሆነ ኮምቦልቻ ከሰል ሻጭ ጋ ቆማችሁ «እታለም፣ የምን ዛፍ ነው?» ብትሉ መልሱ አንድ ነው፤ «ግራር ነው ወንድሜ!» ሁሉም ግራር ነው። የባሕር ዛፍ ከሰል የሚሸጥ ሰው እስካሁን አልገጠመኝም። ስለዚህ መጠየቁን ተዉትና በእጃችሁ ያዙት። ግራር ጥቅጥቅ ያለ ነው፤ ትንሿም ስባሪ እጅ ላይ ትከብዳለች። ባሕር ዛፍ ቀለል ይላል፣ ቶሎ ይያዛል፣ ቶሎ ያልቃል። አፋርን የወረረው ፕሮሶፒስ የሚባለው እሾሃም መጤ ዛፍም ከሰሉ ጥቅጥቅ ያለ ነው፤ ከተገኘ አትናቁት።

ሁለት ስባሪ አንስታችሁ አጋጩ። በደንብ የከሰለ ከሆነ ብረት ብረት የሚል ጥርት ያለ ድምፅ ያሰማል። ድፍን ያለ ድምፅ ከሰጠ፣ ወይም ስትሰብሩት መሃሉ ቡናማ ከሆነ፣ ገና ጥሬ ነው፤ ቤቱን በጭስ ይሞላዋል። ማዳበሪያውንም ከላይ ብቻ አትዩት። ከላይ የተደረደረው ሁልጊዜ ቆንጆ ነው። ታች ያለውን ከጎን በእጃችሁ ጫን ጫን አድርጉት፤ እንደ አሸዋ ከሸሸ የምትከፍሉት ለድቃቂ ነው።

ብሪኬት ሲሆን ደግሞ አንዱን ስበሩ። ጠንክሮ ቀጭ ብሎ ከተሰበረ ጥሩ ነው። እጅ ውስጥ ከተፈረፈረ ወይ በደንብ አልተጨመቀም ወይ እርጥበት አግኝቶታል። ከመጠን በላይ ከብዶ ሲሰበር አፈር አፈር ከመሰለ፣ ሸክላው በዝቷል ማለት ነው፤ ሙቀቱ ትንሽ፣ አመዱ ብዙ ይሆናል። አንድ ነገር ደግሞ አደራ፦ ሳይከስል እንዲሁ የተጨመቀ የሰጋቱራ ብሪኬትም አለ። ቀለሙ ቡናማ ነው። እሱ ማገዶ እንጂ ከሰል አይደለም፣ ይጨሳል።

ዋጋ ስታወዳድሩ ተጠንቀቁ። የእንጨት ከሰል በማዳበሪያ ነው የሚሸጠው፣ ብሪኬት ብዙ ጊዜ በኪሎ። ማዳበሪያውን ሳትመዝኑ የትኛው እንደሚረክስ ማወቅ አይቻልም። ድቃቂውንም ቀንሱ። ብሪኬት እንደ እንጨት ከሰሉ በየሰፈሩ ስለማይገኝ የመጓጓዣውን ሒሳብ ጨምሩበት። ቤታችሁ በወር አንዴ ብቻ ጥብስ የሚጠበስበት ከሆነ ይህ ሁሉ ሒሳብ አያዋጣም፤ የእንጨት ከሰል በፌስታል ገዝታችሁ ግቡ።

የምትኖሩበት ቦታም ለውጥ ያመጣል። ደሴ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት። እዚህ ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ነው፤ ባቄላው፣ ሽንብራው፣ ንፍሮው ሁሉ ጊዜ የሚበላው ለዚህ ነው። ለእንዲህ ያለ ድስት በየመሃሉ የማይጨመርበት ብሪኬት ይመቻል። ኮምቦልቻ ወደ 600 ሜትር ገደማ ዝቅ ስለምትል ድስቱ ትንሽ ይፈጥናል። ክረምት ላይ ግን ደሴ ለብሪኬት አትመችም። የጦሳ ተራራ ጉም ቤት ሲገባ በስታርች የተጣበቀ ብሪኬት እርጥበቱን ይጠጣና ይፈርሳል። ክዳን ባለው ባልዲ ወይም በርሜል ካላስቀመጣችሁ አትግዙት። የእንጨት ከሰል ቢረጥብ እንኳ ፀሐይ ሲያገኝ ይመለሳል።

«ብሪኬት አይጨስም፣ ቤት ውስጥ ችግር የለውም» የሚሏችሁን አትስሙ። ሁለቱም ካርቦን ሞኖክሳይድ ያወጣሉ። ሽታ የለውም፣ ይገድላል። ብርድ ነው ብሎ ማንደጃ መኝታ ቤት አስገብቶ በር መዝጋት በሁለቱም ያው ነው።

ዛፉ ለሚያሳስባችሁ፦ በባህላዊው መንገድ 1 ኪሎ ከሰል ለማግኘት ከ5 ኪሎ በላይ እንጨት ይሄዳል። ከገለፈትና ከድቃቂ የተሠራ ብሪኬት በዚህ በኩል በግልጽ ይበልጣል።

እኔ ሰው ስጠራ ሁለቱንም እገዛለሁ። ብሪኬቱን ከታች፣ የእንጨት ከሰሉን ከላይ አድርጌ በጭራሮ አያይዘዋለሁ። በፌስታልና በላምባ የሚያያይዙ አሉ፤ ሽታው ሥጋው ላይ ይቀራል። ላይኛው ፍም ሲሆን ጎድኑና ጉበቱ ይጠበሳል፤ እሱ እየተበላ ታችኛው ይያያዝና ለእግሩ ይደርሳል። መሃል ላይ መጨመር ካስፈለገ የእንጨት ከሰሉን ጨምሩ። ብሪኬት መጨመር ካለባችሁ ሌላ ማንደጃ ላይ አያይዛችሁ አምጡት፤ ያልተያያዘው ሥጋ ሥር ሲገባ መጀመሪያ የሚሰጠው ጭስ ነው።