ከኩርፊያዬ ጋር ላስተዋወቀችኝ ባለሙያ

ይህን ለመጻፍ ሦስት ወር ፈርቻለሁ። ወንዱ ልጅ «የፍቅር ጉዳይ አስቸግሮኝ ምክር ፍለጋ ሄድኩ» ሲል እኛ ሰፈር ምን እንደሚባል አውቃለሁ። አንድ ጓደኛዬ ሲሰማ «አማኑኤል ገባህ እንዴ?» ብሎ ስቆብኛል። ይሳቅ። ከሁለት ሳምንት በኋላ የባለሙያዋን ስልክ በውስጥ መስመር የጠየቀኝ እሱ ራሱ ነው።

ላመሰግናት የፈለግኩት አዲስ አበባ ውስጥ የምትሠራ አንዲት የሥነ ልቦና አማካሪ ናት። ስሟን እዚህ አልጽፍም፤ እንዳልጽፍ የጠየቀችኝ እሷ ናት። መጀመሪያ ቀን «ዶክተር» ብዬ ስጠራት «ዶክተር አይደለሁም፣ በስሜ ጥራኝ» አለችኝ። ያኔውኑ አመንኳት።

የእኔ ችግር ኩርፊያ ነው። ጩኸት የለም፣ ስድብ የለም። ዝም ነው የምለው። ስልኬን በፊቱ ደፍቼ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጣለሁ። «ምን ሆነሃል?» ስባል «ምንም»። አንድ ገጽ ለሚሞላ መልእክት «እሺ»። ሪከርዴ ዘጠኝ ቀን ነው፤ ያውም በፋሲካ ሰሞን፣ ዶሮ ወጡ ፊታችን ቀርቦ። ይህን ሁሉ እያደረግኩ ራሴን እንደ ትዕግሥተኛ ሰው ነበር የማየው። «እኔ እኮ አልሳደብም» እያልኩ።

ከዚህ በፊት ሁለት የፍቅር ጓደኞች ነበሩኝ። አይተዋወቁም። ሲለዩኝ ግን የተማከሩ ይመስል ሁለቱም «ከግድግዳ ጋር ማውራት ሰለቸኝ» ነው ያሉት። አሁን አብራኝ ያለችው ያንኑ ቃል ስትደግመው ደነገጥኩ። ሁለት ጊዜ ሲሆን በእነሱ ማሳበብ ይቻላል። ሦስተኛ ጊዜ ግን...

እውነቱን ለመናገር አማካሪዋ ጋ ከመድረሴ በፊት ሌላ ባለሙያ ጋ ሄጄ ነበር። ማን እንደሆነ አልናገርም። አሥር ደቂቃ ሳይሞላ «ስታገባ ይተውሃል» አለኝ። ይህንንማ አክስቴም ብላኛለች፤ በነጻ፣ ከቡና ጋር።

ይህቺ ስለ ፍቅረኛዬ ብዙም አልጠየቀችኝም። እኔ ደግሞ ክሴን በደንብ አዘጋጅቼ ነበር የሄድኩት። ሰማችኝ፣ ሰማችኝና «እሺ። አንተስ ዝም ከማለትህ በፊት ሰውነትህ ምን ይሆናል?» አለችኝ። ተናደድኩ። ሰውነቴ ምን አገባው? ትንሽ ደብተር እንድገዛ ነገረችኝ። በተኮራረፍን ቁጥር ምን እንደተባለ፣ ሰውነቴ ምን እንደሆነ፣ ከዚያ ምን እንዳደረግኩ ልጽፍ። የፍቅረኛዬን ጥፋት የሚዘረዝር መስመር ግን ክልክል ነው።

በአምስተኛው ሳምንት ደብተሩን ከፊት ጀምሬ ሳነበው አፈርኩ። የጸቡ ምክንያት በየገጹ ይለያያል፤ አንዴ ገንዘብ፣ አንዴ እናቴ፣ አንዴ ያልተነሳ ስልክ። ቀሪው ግን ካርቦን ገብቶበት የተጻፈ ነው የሚመስለው። «አንተ እኮ...» የሚል ቃል ይመጣል፣ ጆሮዬ ይግላል፣ መንጋጋዬ ይጠብቃል፣ ከዚያ «ምንም»።

አንድ ቀን «እናንተ ቤት ሰው ሲጣላ ምን ይሆን ነበር?» ብላ ጠየቀችኝ። አባቴ ሲያኮርፍ ቤቱ ይቆማል። ሬዲዮው ይዘጋል። እናቴ እራት ታቀርባለች። አባቴ ሁለት እርምጃ ርቀት ላይ ተቀምጧል። እሷ ወደ እኔ ዞራ «አባትህን እራት ቀርቧል በለው» ትለኛለች። እኔም «አባዬ፣ እራት ቀርቧል» እላለሁ። እሱ «አልራበኝም በላት» ይላል። እኔ ደግሞ ወደ እሷ እዞራለሁ። ሰባት ዓመቴ ነበር። ይህን ሳወራላት እየሳቅኩ ነው። እሷ አልሳቀችም። «ያ ልጅ መሐል ቆሞ ምን ይጠብቅ ነበር?» አለች።

መልስ አጣሁ። መስኮቱን ሳይ ቆየሁ። ማን ቀድሞ እንደሚናገር ነበር የምጠብቀው። ሠላሳ አራት ዓመት ሞልቶኝም ከፍቅረኛዬ ጋር ተኮራርፌ የምጠብቀው እሱኑ ነው።

ደግሞ ተከራክሬያታለሁ። «ይሄ የልጅነት ምናምን የፈረንጅ ነገር ነው» አልኳት። ፈገግ ብላ ወደ ኡጋንዳ ወሰደችኝ። ሜሪ አይንስዎርዝ የምትባል ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1954 ኡጋንዳ ሄዳ ካምፓላ አካባቢ የ26 እናቶችን ቤት እየተመላለሰች ሕፃናቱን ትከታተል ነበር። ሕፃኑ ሲከፋው ወደ ማን እንደሚሄድ፣ እናቱ ስትርቅ ምን እንደሚሆን ትመዘግባለች። ያው የእኛው አፍሪካ ነው። ከብዙ ጊዜ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1987፣ ሲንዲ ሃዛንና ፊሊፕ ሼቨር የሚባሉ ሁለት አሜሪካውያን ሕፃን ከእናቱ ጋር ስላለው ትስስር የሚናገረውን ያንን ሐሳብ ወደ አዋቂዎች ፍቅር አመጡት። መጠይቃቸውን ያወጡት ጋዜጣ ላይ ነው። አንዳንዱ ሰው ፍቅሩን እንዳያጣ ሲሠጋ ይጣበቃል፣ አንዳንዱ ይሸሻል። እኔ ወዲያው «እንግዲህ እኔ የሚሸሸው ነኛ!» ስል አቆመችኝ። «ስም ለጥፈህ እንዳትወጣ። ልማድ ነው፤ ልማድ ደግሞ ይለወጣል።» ቲክቶክ ላይ ሁሉም ሰው የቀድሞ ፍቅረኛውን «ቶክሲክ» በሚልበት ዘመን ይህን የሚል ባለሙያ ማግኘት ቀላል አይደለም።

ከሁሉ የጠቀመኝ ግን የሃያ ደቂቃው ነገር ነው። ጆን ጎትማን የሚባለው የባለትዳሮች ተመራማሪ እንደሚለው፣ በጸብ መሐል የልብ ምት በደቂቃ ከ100 ካለፈ ሰው የሚባለውን መስማት ያቅተዋል፤ ለመብረድም ቢያንስ 20 ደቂቃ ይፈልጋል። «ስለዚህ መውጣትህ ጥፋት አይደለም» አለችኝ። «መቼ እንደምትመለስ ሳትናገር መውጣትህ ነው።» ኩርፊያ መመለሻ ሰዓት የሌለው ዕረፍት ነው ማለት ነው። እኔ ግን ሁልጊዜ መመለሻውን ለሌላው ሰው ነበር የምተወው።

መጀመሪያ የሞከርኩት ወጥ ቤት ውስጥ ነው። የእህቷ ምርቃት ላይ ዘግይቼ ደርሼ ነበር። ሽንኩርት እየከተፈች «አንተ እኮ...» አለች። ጆሮዬ ጋለ። «ሃያ ደቂቃ ስጪኝ፣ እመለሳለሁ» አልኩ። ድምፄ ተንቀጠቀጠ። ቢላዋውን እንደያዘች ዞራ አየችኝ። ወጣሁ፣ ሱቁ ድረስ ሄድኩ፣ የማልፈልገውን ክብሪት ገዛሁ፣ ተመለስኩ። ሽንኩርቱ አልቋል። እሷ ሰዓቱን እያየች ነው። «ሦስት ደቂቃ አሳልፈሃል» አለችኝ። ከዚያ ተቀምጠን አወራን። መዘግየቴ አልነበረም ያናደዳት፤ ደውዬ አለመንገሬ ነው። ዘጠኝ ቀን ባኮርፍ ኖሮ ይህን መቼ እሰማ ነበር?

ተፈወስኩ አልልም። ባለፈው ሳምንት ግማሽ ቀን አኩርፌያለሁ። ግን ቀድሜ የተናገርኩት እኔ ነኝ።

ለመሄድ ላሰባችሁ ጥቂት ነገር ልንገራችሁ። ቀጠሮ ለማግኘት ሁለት ሦስት ሳምንት ትጠብቃላችሁ። ሰዓት ላይ ቀልድ አታውቅም፤ አርፍዳችሁ ብትደርሱ ከራሳችሁ ሰዓት ነው የሚቆረጠው። «ልተወው ወይስ ልቀጥል?» ብላችሁ ብትጠይቋት አትመልስላችሁም፤ ይህ መጀመሪያ ላይ ያበሳጫል። ዱላ ያለበት ግንኙነት ውስጥ ላለ ሰው ደግሞ የሃያ ደቂቃው ምክር አይደለም የሚያስፈልገው፤ ይህንን እሷም መጀመሪያ ቀን ጠይቃ ነው የምታጣራው። ክፍያዋን በተመለከተ፣ እኔ በየቅዳሜው ከጓደኞቼ ጋር ከማወጣው አይበልጥም።

ስልኳን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ። ቢሮዋ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው፣ ሊፍቱ አብዛኛውን ጊዜ አይሠራም። ቀደም ብላችሁ ድረሱ፤ እያለከለካችሁ ከገባችሁ የልብ ምታችሁን በጸቡ ታሳብባላችሁ።