ኩሊ ሎች በአዲስ አበባ፦ ከወራት ቆይታ በኋላ የቀረበ የተጠቃሚ ግምገማ

ኩሊ ሎች የሚባሉትን ቀጫጭን የገንዳ ወለል ዓሦች 100 ሊትር በሚይዝ የመስታወት ገንዳ ውስጥ ማኖር ከጀመርኩ ብዙ ወራት ተቆጥረዋል። እነዚህን ዓሦች ለመግዛት የሚያስብ ሰው ከዓሦቹ አስቀድሞ አሸዋውን እንዲመርጥ አጥብቄ እመክራለሁ፤ ወለሉ የማይስማማቸው ከሆነ የትኛውም ውድ ፊልተር (የውሃ ማጣሪያ) ጉድለቱን አይሞላውምና።

ምክንያቱ አኗኗራቸው ነው። በደቡብ ምሥራቅ እስያ ደኖች፣ ቅጠል በተነጠፈባቸውና ቀስ ብለው በሚፈሱ ጅረቶች ግርጌ የሚኖሩት እነዚህ ዓሦች ምግባቸውን የሚያገኙት በአፋቸው ዙሪያ ባሉት ጢሞች አሸዋውን እየዳሰሱ ሲሆን፣ ሲደነግጡም በቅጽበት ከአሸዋው ሥር ይቀበራሉ። ቅርፊታቸው እጅግ ደቃቅ በመሆኑ ሹል ጠጠር ቆዳቸውን ይልጠዋል፤ ጢማቸውንም ይጎዳዋል። እኔ የተጠቀምኩት በወንፊት የተነፋ፣ ውሃው እስኪጠራ ድረስ ደጋግሞ የታጠበ ደቃቅና ለስላሳ የወንዝ አሸዋ ነው፤ እስካሁን የአንዱም ዓሣ ጢም አልተጎዳም። አሸዋው ገንዳ ውስጥ ከመግባቱ በፊት ጥቂት አቼቶ ጠብ ቢደረግበት መልካም ነው፤ አረፋ ካወጣ ኖራ ስላለበት ውሃውን ያጠነክራል፣ ማለትም በውስጡ የሟሟውን ማዕድን ያበዛል፤ ፒኤቹንም ከፍ ያደርጋል፣ ማለትም አሲድነቱን ይቀንሳል፤ ኩሊዎች ደግሞ የሚስማማቸው ለስላሳና በመጠኑ አሲዳማ ውሃ ነው። የጉድጓድ ውሃ በሚደርሳቸው ሰፈሮች የሚኖሩ ሰዎች የቧንቧውን ውሃ ጥንካሬም አስቀድመው ቢለኩ ይጠቀማሉ።

ኩሊ የሚመደብበት ሎች የተባለው የዓሣ ወገን ዘመዶች በሀገራችንም አሉ፤ ከጣና ሐይቅ የተገኘው ዝርያ በ1902 እ.ኤ.አ. ለሳይንስ ተዋውቋል። ኩሊ ግን የቆላ ዓሣ ስለሆነ ከ24 እስከ 27 ዲግሪ ሴልሺየስ የሚደርስ ሙቀት ይፈልጋል፤ በአዲስ አበባ የክረምትና የኅዳር ሌሊቶች ያለ ማሞቂያ ይህን ማግኘት አይቻልም። ብዙዎች ልብ የማይሉት ሌላው ጉዳይ የከተማችን ከፍታ ነው። ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ በሆነ ቦታ ውሃ ሊይዘው የሚችለው ኦክስጅን በባሕር ጠለል ከሚይዘው በአንድ አራተኛ ገደማ ያንሳል፤ ውሃው ሲሞቅ ደግሞ ይበልጥ ይቀንሳል። ስለዚህ ሌላ ቦታ እንደ ተጨማሪ የሚታየው የአየር ፓምፕ እዚህ ግዴታ ነው ብዬ አምናለሁ። በአየር የሚሠራው የስፖንጅ ፊልተር ውሃ ማጣራቱንም አየር መስጠቱንም በአንድነት ያከናውናል፤ መምጠጫ ቱቦ ስለሌለውም ቀጫጭኖቹ ዓሦች ተስበው አይገቡበትም። መብራት በጠፋ ጊዜ በባትሪ የሚሠራ አነስተኛ ፓምፕና በገንዳው ዙሪያ የተጠቀለለ ብርድ ልብስ ብዙ ሰዓት ያሻግራሉ።

ኩሊዎች ቀን ቀን ተደብቀው የሚውሉ የሌሊት ዓሦች ናቸው። ጥቂት ሆነው ሲኖሩ ጨርሶ ላይታዩ ይችላሉ፤ ከስድስት በላይ ሲሆኑ፣ ከእንጨት ሥርና ከተክል መካከል መጠለያ ሲያገኙ፣ መብራቱም ደብዘዝ ሲል ግን በአንድነት ተጠላልፈው ሲተኙና ወለሉን ሲያስሱ ማየት ይቻላል፤ ለእኔ ከሁሉም የሚያስደስተኝ ይህ ነው። ገንዳ ያጸዳሉ ተብሎ የሚነገረው ግን ትክክል አይደለም። በገንዳው ላይ የሚበቅለውን አረንጓዴ አልጌ አይበሉም፤ ከሌሎች ዓሦች የተረፈውን ብቻ እንዲለቅሙ ከተተዉም ይከሳሉ። መብራት ከጠፋ በኋላ ወደ ወለል የሚሰምጥ ምግብ፣ አልፎ አልፎም የቀዘቀዘ ትል ይሰጣቸው።

ክዳኑ ቀዳዳ የሌለው መሆን አለበት፤ በጠባብ ክፍተት ሾልከው ይወጣሉ። ከዓይናቸው ሥር ያለው እሾህ መረብ ላይ ስለሚጠመድ በመረብ ከመያዝ ይልቅ ወደ ብርጭቆ መንዳት ይሻላል። መዳብ ያለበት የዓሣ መድኃኒት ለእነርሱ አደገኛ ነውና አዲስ ዓሣ ከመቀላቀሉ በፊት ለአንድ ወር ያህል ለብቻው ቢቆይ፣ ገንዳውን በሙሉ ማከም የሚያስፈልግበት አጋጣሚ በእጅጉ ይቀንሳል።