ለጎንደር ቤት የሚሆን የበረራ ሲሙሌተር፦ ሦስቱን በአንድ ኮምፒውተር ላይ ሞክሬ

የእህቴ ልጅ የ12ኛ ክፍል ፈተናውን ከጨረሰ ወዲህ ሐሳቡ ሁሉ አውሮፕላን ማብረር ላይ ነው። ቤት ውስጥ ሊለማመድበት የሚችል የበረራ ሲሙሌተር፣ ማለትም አውሮፕላን ማብረርን በኮምፒውተር የሚያስመስል ፕሮግራም፣ እንድገዛለት በጠየቀኝ ጊዜ ነገሩ የአንድ ቀን ሥራ መስሎኝ ነበር። ሆኖም የትኛው ይሻላል ብዬ የጠየቅኋቸው ሁሉ የሚያወሩልኝ ስለ ሥዕሉ ጥራት ብቻ ሆነ። መብራትና ኢንተርኔት በሚቆራረጥበት፣ አየሩም በሳሳበት በእኛ ከተማ የትኛው እንደሚሠራ የነገረኝ ሰው አልነበረም። ስለዚህ ማይክሮሶፍት ፍላይት ሲሙሌተርን፣ ኤክስ ፕሌን 12ን እና ፍላይትጊርን ማራኪ ሰፈር ባለው ቤታችን በአንድ ኮምፒውተር ላይ ለአራት ወር ያህል አፈራርቀን ሞከርናቸው። ኮምፒውተሩ 16 ጊጋ ራምና ጂቲኤክስ 1660 ግራፊክስ ካርድ ያለው መካከለኛ ዴስክቶፕ ነው።

ማወዳደሪያችን ሚዛናዊ እንዲሆን በሦስቱም ውስጥ የሚገኘውን ሴስና 172 መረጥን። ይህች ባለ አንድ ሞተርና ባለ አራት መቀመጫ አውሮፕላን በዓለም ዙሪያ ጀማሪ አብራሪዎች የሚማሩባት ናት። መነሻችንም ሁልጊዜ አዘዞ የሚገኘው የጎንደር አፄ ቴዎድሮስ አውሮፕላን ማረፊያ ነበር። የማረፊያውን ዓለም አቀፍ መለያ፣ ማለትም ኤች ኤ ጂ ኤን የሚሉትን አራት ፊደላት፣ በፕሮግራሙ መፈለጊያ ላይ መጻፍ በቂ ነው።

ከማይክሮሶፍቱ ልጀምር፤ ብዙ ሰው የሚያውቀው እሱን ነውና። የመጀመሪያው እትም የወጣው እ.ኤ.አ. በ1982 ሲሆን፣ ዛሬ በገበያ ላይ የሚገኙት የ2020 እና የ2024 እትሞች ናቸው። የእነዚህ ትልቁ ኃይል የምድርን ገጽ ከሳተላይትና ከአውሮፕላን በተነሡ ፎቶዎች ማሳየታቸው ነው። የፎቶውና የመሬቱ መረጃ ከ2 ፔታባይት በላይ፣ ይኸውም ከ2 ሚሊዮን ጊጋባይት በላይ ስለሆነ፣ በማንም ቤት ዲስክ ላይ ሊቀመጥ አይችልም። እየበረርን ሳለ ከሩቅ ሰርቨር በኢንተርኔት ይመጣል። መስመሩ ደህና በሆነባቸው ሌሊቶች ከአዘዞ ተነሥተን ወደ ከተማው ስንዞር የመንገዶቹን አቅጣጫ፣ የሰፈሮቹን አቀማመጥና የፋሲል ግቢን ቅጥር ከላይ ለይተን አይተናል፤ የእህቴ ልጅም ሰፈራችንን ፈልጎ ባገኘ ጊዜ ከወንበሩ ተነሥቶ ነበር። ሕንጻዎቹ ግን በአብዛኛው ኮምፒውተር ከፎቶው ቁመታቸውንና ጣሪያቸውን ገምቶ ያቆማቸው ስለሆኑ፣ ግንቦቹን ከነጉልላታቸው አገኛለሁ ብሎ መጠበቅ አይገባም።

ችግሩ የሚጀምረው መስመሩ ሲደክም ነው። ለ2024ቱ እትም አምራቹ ያስቀመጠው ዝቅተኛ የኢንተርኔት ፍጥነት 10 ሜጋቢት በሰከንድ ሲሆን፣ የሚመከረው ደግሞ 50 ነው። ይህ እትም አውሮፕላኖቹን ጭምር ከሰርቨር ስለሚያመጣ ዲስክ ላይ የሚይዘው ቦታ ወደ 50 ጊጋ ወርዷል፤ ይህ ግን ሸክሙን ከዲስኩ ላይ አንሥቶ መስመሩ ላይ የጫነ ቁጠባ ነው። የ2020ው እትም በአንጻሩ ወደ 150 ጊጋ የሚሆን ባዶ ቦታ ይጠይቃል። ያንን በ10 ሜጋቢት መስመር ለማውረድ ያለማቋረጥ 33 ሰዓት ያህል ይፈጃል፤ ያለማቋረጥ የሚለውን ቃል ጎንደር ውስጥ የሚኖር አንባቢ እንዴት እንደሚረዳው አውቃለሁ። አንዴ ከወረደ በኋላ ግን የ2020ው እትም ያለ ኢንተርኔትም ይነሣል፤ የሚፈልጉትንም አካባቢ ፎቶ አስቀድሞ ዲስክ ላይ ማስቀመጥ ይቻላል። እኛ ከጎንደር እስከ ባሕር ዳር ያለውን በዚህ መንገድ አስቀምጠናል። ስለዚህ ማይክሮሶፍትን የሚመርጥ የከተማችን ሰው፣ አዲሱ ነው ተብሎ ወደ 2024ቱ ከመሄድ ይልቅ 2020ውን ቢይዝ ይሻለዋል ብዬ በሙሉ እምነት እመክራለሁ።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ እመጣለሁ። አዘዞ ከባህር ጠለል በላይ ወደ 2000 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ትገኛለች፤ በዚህ ከፍታ አየሩ በባህር ዳርቻ ካለው በአንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው። ክንፉ የሚያነሣው አየር ያንሳል፣ ፕሮፔለሩ የሚይዘው አየር ያንሳል፣ ሞተሩም የሚተነፍሰው ያንሳል። የባህር ዳርቻ ከተሞችን እያሰበ የተጻፈ መማሪያ ስለዚህ ነገር በአንድ መስመር ሊያልፍ ይችላል፤ ለእኛ ግን ከመጀመሪያው በረራ ጀምሮ የሚገጥም እውነት ነው። እኔም ሲሙሌተሩን የመዘንኩት ይህንን እውነት በማሳየቱ ነው።

በኤክስ ፕሌን 12 የመጀመሪያውን በረራ ስንሞክር የእህቴ ልጅ ጥቁሩን የጋዝ እጀታ እስከ መጨረሻው ገፋ፤ ነዳጁን ከአየሩ ጋር የሚያመጣጥነውን ቀዩን እጀታም እንዲሁ እስከ ጥግ ገፍቶ ተወው። አውሮፕላኗ በማኮብኮቢያው ላይ እየተንደረደረች ሄደች፣ ሄደች፣ አልነሣ አለች። «ጋሼ፣ ሞተሩ ታፈነ» አለኝ። ልክ ነበር። በሳሳ አየር ውስጥ ያን ያህል ነዳጅ ሲገባ የሞተሩ ጉልበት ይቀንሳል። በሁለተኛው ሙከራ ከመንደርደራችን በፊት ፍሬን ይዞ፣ ቀዩን እጀታ በጣም በዝግታ ወደ ኋላ ሲስበው የሞተሩ ዙር መለኪያ ቀስ እያለ ከፍ አለ። የመለኪያው መርፌ ከፍ ማለቱን ጨርሶ መውረድ ሲጀምር እጀታውን ጥቂት ወደ ፊት መለሰውና ተንደረደረ፤ አሁን ማኮብኮቢያው ሳያልቅ ቀድማ ተነሣች። ይህንን ከመጽሐፍ ደጋግሞ አንብቦት ነበር፤ የገባው ግን መርፌው ሲነሣ ባየ ጊዜ ነው።

ኤክስ ፕሌን ይህንን አሳምሮ የሚያሳየው በአሠራሩ ምክንያት ነው። ክንፉንና ፕሮፔለሩን በትንንሽ ቁራጮች ከፋፍሎ፣ እያንዳንዱ ቁራጭ ከአየሩ የሚያገኘውን ኃይል በሰከንድ ውስጥ ደጋግሞ ያሰላል፤ ከዚያም ደምሮ አውሮፕላኑን ያንቀሳቅሳል። በማይክሮሶፍቱም ተመሳሳይ ሙከራ አድርገናል፤ እዚያ ግን ለጀማሪ ተብሎ የተዘጋጀው የነዳጅ ራስ ሰር ማመጣጠኛ ካልጠፋ ፕሮግራሙ ሥራውን ስለሚሠራልን ተማሪው ምንም አያስተውልም። ልጅዎ እንዲማር ከፈለጉ ከሁሉ አስቀድመው ወደ ማስተካከያው ገብተው ይህንን እርዳታ ያጥፉት።

ማረፉ ላይም እንዲሁ ነው። የፍጥነት መለኪያው የሚሠራው በሚገፋው አየር ስለሆነ፣ በሳሳ አየር ውስጥ ከእውነተኛው ያነሰ ፍጥነት ያሳያል። 65 ኖት (አንድ ኖት በሰዓት 1.85 ኪሎ ሜትር ያህል ነው) ሲያሳይ፣ ነፋስ በሌለበት ቀን አዘዞ ላይ ሴስናዋ መሬቱን የምታቋርጠው በ72 ኖት ገደማ ነው። ልጁ ለብዙ ቀናት ማኮብኮቢያው መካከል ላይ እያረፈ ለምን እንደሆነ ግራ ገብቶት ነበር።

የሰሜን ተራሮች ጉዞም ብዙ አስተምሮናል። የሴስና 172 ኤስ የከፍታ ጣሪያ 14,000 ጫማ፣ ማለትም 4,270 ሜትር ገደማ ነው፤ ራስ ዳሸን ደግሞ 4,550 ሜትር። በኤክስ ፕሌን ተራራውን እንሻገራለን ብለን ሄድን፤ ወደ ላይ በወጣን ቁጥር መውጣቱ እየከበደ፣ በመጨረሻም ከፍታ ጠቋሚው ከቦታው አልነቃነቅ አለና ዞረን ተመለስን። የገደሎቹ መልክ ግን እዚህ ፕሮግራም ላይ ቅር አሰኝቶኛል። የመሬቱ ቅርጽ እ.ኤ.አ. በ2000 በጠፈር መንኮራኩር ከተወሰደ የከፍታ ልኬት የመጣ በመሆኑ፣ ደባርቅን አልፎ የሚታየው ቀጥ ያለ ገደል እንደ ተራ ተዳፋት ይለዝባል። ለመልኩ ማይክሮሶፍት ይበልጣል፤ አላከራክርም።

ኤክስ ፕሌንን ለእኛ ይበልጥ የሚመች የሚያደርገው ሌላው ነገር፣ መልክዓ ምድሩን ሲጭኑ የዓለም ካርታ ቀርቦልዎ የሚፈልጉትን ክፍል ብቻ መርጠው ማውረድ መቻልዎ ነው። እኛ ኢትዮጵያንና ዙሪያዋን ብቻ ወስደናል። ከዚያ በኋላ በበረራ ጊዜ መሬቱን ከኢንተርኔት አይጠብቅም። የሐምሌን ደመናም በእጅ መሥራት ይቻላል፤ የደመናውን ከፍታና የነፋሱን አቅጣጫ ራሳችን እየሞላን በጭጋግ ማረፍን ተለማምደናል። ሙከራ እትሙ በነፃ ስለሚገኝ ገንዘብ ከማውጣትዎ በፊት ኮምፒውተርዎ መቻሉን ያረጋግጡ።

ክፍያው ራሱን የቻለ ፈተና ነው። ሁለቱ ፕሮግራሞች የሚሸጡት በውጭ ምንዛሪ ካርድ ሲሆን፣ የማይክሮሶፍት 2024 መደበኛ እትም የወጣበት ዋጋ 69.99 ዶላር ነበር። እኛ ውጭ አገር ያለ ዘመድ ከፍሎልናል። በፍላሽ የሚሸጡትን፣ መቆለፊያቸው የተሰበረ ሕገ ወጥ ቅጂዎች ግን አይንኩ፤ አንድ ጓደኛዬ ከአንድ ሱቅ ገዝቶ ኮምፒውተሩን በቫይረስ አጥቷል።

ዘመድም ካርድም ለሌለው ፍላይትጊር አለ። እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በበጎ ፈቃደኞች የሚሠራ፣ ሙሉ በሙሉ ነፃ የሆነ ፕሮግራም ነው። ፈቃዱ ራሱ ማባዛትን ስለሚፈቅድ አንድ ተማሪ አውርዶ ለጓደኞቹ ሁሉ በፍላሽ ቢሰጥ ሕጋዊ ነው፤ የወረደውም መልክዓ ምድር አብሮ ይገለበጣል። በእኔ አሮጌ ላፕቶፕ ላይ እንኳ ግራፊክሱን ዝቅ አድርጌ በሚገባ ሠርቷል። ሥዕሉ ደረቅ ነው፤ የከተማችን ቤቶችም ጎንደርን አይመስሉም። የሴስናዋ አሠራር ግን በጥንቃቄ የተሠራ ነው፤ ቀዩ እጀታ እዚህም ሥራውን ይሠራል። ከአዘዞ ተነሥቶ የጣናን ዳርቻ እየተከተሉ እስከ ባሕር ዳር፣ 100 ኪሎ ሜትር ገደማውን በግማሽ ሰዓት መብረር በዚህ ፕሮግራምም ያለ እንከን ይቻላል።

ምርጫዬ ስለዚህ እንዲህ ነው። ለመማር ለሚፈልግና መካከለኛ ዴስክቶፕ ላለው ኤክስ ፕሌን 12፤ ገና ለሚሞክር ወይም ላፕቶፕ ብቻ ላለው ፍላይትጊር፤ ጠንካራ ኮምፒውተርና አስተማማኝ መስመር ይዞ አገሩን ከላይ ማየት ለሚሻ ማይክሮሶፍት። የትኛውንም ቢመርጡ በኪቦርድ አይለማመዱ። ግንዱ ወደ ግራና ቀኝ የሚጠማዘዝ ጆይስቲክ፣ ማለትም በእጅ የሚያዝ የማብረሪያ ዘንግ፣ ይግዙ፤ መጠማዘዙ የጅራቱን መሪ ይተካልና። እኛ ጎንደር ውስጥ ፈልገን ስላጣን ከአዲስ አበባ አስመጥተናል። ዩፒኤስም፣ ማለትም መብራት ሲጠፋ ኮምፒውተሩን ለጥቂት ጊዜ የሚያቆይ ባትሪ፣ ያስፈልጋል፤ ለበረራው ሲባል ሳይሆን መብራት በድንገት ሲጠፋ ዲስኩ እንዳይበላሽ።

አሁን የእህቴ ልጅ ማታ ማታ የሚሠራው ሌላ ነገር ነው። የኤክስ ፕሌን አምራቾች ማንም ሰው የአውሮፕላን ማረፊያ ሠርቶ የሚልክበት፣ ተቀባይነት ሲያገኝም ለተጠቃሚ ሁሉ የሚሰራጭበት ነፃ መሥሪያና መቀበያ አላቸው። የአዘዞን ተርሚናልና የአውሮፕላን ማቆሚያ ከሳተላይት ፎቶ ጋር እያስተያየ መስመር በመስመር እያሰመረ ነው፤ ትናንት ማታ የደረሰው የመግቢያው አጥር ጋ ነበር።