የደሴ ሰልባጅ ታኬታ ለአማካይ ተጫዋች ይሆናል?

ቆዳው ብዙ ጊዜ ጥሩ ነው፤ ችግሩ ጥርሱ ላይ ነው። እንደ ሽመልስ በቀለ ለግብፁ ፔትሮጄት የተጫወተ አማካይ ውሃ የጠጣ ሣር ላይ ይሮጣል፤ እዚያ ረጅም የብረት ጥርስ ይሰምጣል። በወሎ ደረቅ አፈር ግን አይሰምጥም፤ ክብደት በ6 ጥርስ ላይ ብቻ ስለሚያርፍ ውስጥ እግርን ያቃጥላል። አማካይ ደግሞ ኳስ ተቀብሎ ቶሎ ቶሎ ይዞራል። ጥርሱ መሬት ነክሶ ከቀረ ጉልበት ይጠመዘዛል፤ ይህ ቀላል ነገር አይደለም! አጫጭርና ክብ የፕላስቲክ ጥርስ ያለውን ምረጡ።

ከመክፈላችሁ በፊት እጠፉት፤ ከጣቶች ሥር ሳይሆን መሃሉ ላይ ከታጠፈ ተዉት። ሶሉና ቆዳው የሚገናኙበትን ጠርዝ በጥፍር ግፉ። ስንጥቅ ከከፈተ ማስቲሹ አርጅቷል፤ ጫማ ሰፊ ዙሪያውን በክር ካልሰፋው ዝናብ ሲነካው ይላቀቃል። ስትከራከሩ የስፌቱንም ሒሳብ ቀንሱበት።